ከፕሮስቴት ቀዶ ጥገና በኋላ ሽንትን መልሶ መቆጣጠር፦ የዳሌ ወለል ጡንቻ ልምምድ ደረጃ በደረጃ

"በየቀኑ እሠራለሁ፣ ሽንቱ ግን አሁንም ያመልጠኛል።" ይህን የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሰነፎች አይደሉም። እንዲያውም ከታዘዘላቸው በላይ ይሠራሉ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ወይ የሚያጠብቁት ሌላ ጡንቻ ነው፣ ወይ አጥብቀው በደንብ አይለቁም፣ ወይ ደግሞ አልጋ ላይ ተጋድመው አሳምረው ሠርተው ሲነሱና ሲያስነጥሱ ጡንቻውን ይረሱታል። ልምምዱ የሚከሽፈው በብዛት በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ነው። ስለዚህ እዚያ እዚያ ላይ ቆም እያልን እንሄዳለን።

መመሪያው ፕሮስቴታቸው ሙሉ በሙሉ ለወጣላቸው ወንዶች ነው። በሽንት ቧንቧ በኩል ተገብቶ ፕሮስቴታቸው ለተቀነሰላቸውም ያገለግላል። እነሱን ግን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግራቸው ድንገት የሚያጣድፍ ሽንት ስለሆነ ደረጃ 6ን ቀደም ብለው ያንብቡት።

ምን ተነክቶ ነው ሽንት የሚያመልጠው?

ሽንትን የሚይዙ ሁለት መዝጊያዎች አሉ። የላይኛው የፊኛው አንገት ላይ ነው፤ ሳናዘው በራሱ ይሠራል። የታችኛው ከፕሮስቴት ሥር ነው፤ እሱና ዙሪያውን የደገፈው የዳሌ ወለል ጡንቻ በፈቃዳችን ይታዘዛሉ። ፕሮስቴት ሲወጣ የላይኛው መዝጊያ አብሮ ይነካል። ሸክሙ በሙሉ የታችኛው ላይ ይወድቃል። ያ ጡንቻ ደግሞ እስከዛሬ ይህን ሥራ ብቻውን ሠርቶ አያውቅም። ልምምዱ እሱን ለዚህ ማብቃት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

ቀዶ ጥገናው ገና ከሆነ ዛሬውኑ ይጀምሩ። ቁስልና እብጠት ሳይኖር ጡንቻውን ለይቶ ማወቅ በኋላ ከመፈለግ በብዙ ይቀላል። ቀዶ ጥገናው ካለፈም አይጨነቁ፣ አልረፈደም።

ማስጠንቀቂያ፦ ካቴተሩ፣ ማለትም የሽንት ቱቦው፣ ውስጥ እያለ ልምምዱን አይሥሩ። በቱቦው ላይ ማጥበቅ ፊኛውን ያስቆጣዋል፣ ቁርጠትም ያመጣል። ካቴተሩ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቆያል። ሲወጣልዎ ሐኪሙን "ከዛሬ ጀምሬ ልሥራ ወይስ ልቆይ?" ብለው በግልጽ ይጠይቁ። መልሱ ከሰው ሰው ስለሚለያይ የጎረቤትዎን መልስ አይውሰዱ።

ካቴተሩ የሚወጣበት ቀን ባዶ እጅ አይሂዱ። እነዚህን ያዘጋጁ፦

- ሁለት ሦስት የወንድ የሽንት ፓድ፣ መለወጫ የውስጥ ሱሪ፣ ሰፋና ጠቆር ያለ ሱሪ
- ለአልጋ የሚሆን ውሃ የማያሳልፍ አንሶላ
- ደብተርና እስክሪብቶ
- ካለዎት በግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን

ሚዛኑ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው፤ እኔ ግን በጣም እመክረዋለሁ። ደረቅ ፓድ ስንት ግራም እንደሆነ ይመዝኑ። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የተጠቀሙባቸውን ፓዶች በሙሉ መዝነው የደረቁን ክብደት ይቀንሱ። 1 ግራም ወደ 1 ሚሊ ሊትር ሽንት ነው። በዓይን ሲያዩት ሁሉም ቀን አንድ ይመስላል፣ ተስፋም ያስቆርጣል። ቁጥሩ ግን ከ400 ወደ 250 ወርዶ ከሆነ እየተሻለዎት ነው፣ ባይታወቅዎትም።

ደብተሩ ላይ ደግሞ ለ3 ቀን ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ሸኑ፣ ስንት ሰዓት አመለጠዎት፣ ሲያመልጥዎ ምን እያደረጉ ነበር። "ስነሳ"፣ "ሳስል"፣ "ቆሜ ስቆይ"፣ "ሽንት ቤት ሳልደርስ" ብለው በአጭሩ ይጻፉ። የትኛው ደረጃ ላይ ረዘም ብለው መቆየት እንዳለብዎ የሚነግርዎ ይህ ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለ4 እስከ 6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አያንሱ። ሐኪምዎ ሌላ ቁጥር ከሰጠዎት የእሱን ይያዙ።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ጡንቻ ማግኘት

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። አንድ ቀንም ይፍጅ ሦስት ቀን፣ ጡንቻውን ሳያገኙ ወደ ደረጃ 3 አይለፉ። በተሳሳተ ጡንቻ ወር ሙሉ መሥራት የትም አያደርስም።

1. በጀርባዎ ይተኙ። ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን አልጋው ላይ ያሳርፉ። ሆድ፣ ጭን፣ መቀመጫ ሁሉም ልል ይበል።
2. ሁለት ሦስት ጊዜ ረጋ ብለው ይተንፍሱ።
3. ትንፋሽ እያወጡ፣ እየወረደ ያለ ሽንት ሊያቆሙ እንደፈለጉ አድርገው ከፊት በኩል ይሳቡ። ብልት ወደ ውስጥ ሲያጥር፣ የዘር ፍሬ ወደ ላይ ከፍ ሲል ያስቡ።
4. ለ2 ወይም 3 ሰከንድ ይያዙ።
5. ይልቀቁ። ጡንቻው ወደ ቦታው ሲወርድ ይሰማዎት።

"ጋዝ እንዳያመልጥ እንደመያዝ ነው" የሚለውን ምክር ሰምተው ይሆናል። ስህተት አይደለም፣ ጨርሶ ጡንቻው ሲጠፋብዎ መነሻ ይሆንዎታል። ግን በዋናነት የሚያሠራው የኋላውን፣ የፊንጢጣውን ጡንቻ ነው። ሽንት የሚይዘው የፊተኛው ስለሆነ ሐሳብዎን ወደ ፊት ያምጡት።

ትክክል መሆኑን በምን ያውቃሉ?

መስታወት ፊት ራቁትዎን ይቁሙና ያጥብቁ። የብልት ሥር ወደ ውስጥ ሲገባ፣ የዘር ፍሬ ትንሽ ከፍ ሲል ማየት አለብዎት። ሆድ፣ መቀመጫና ጭን ግን መንቀሳቀስ የለባቸውም።

ሌላው መንገድ በጣት ነው። በዘር ፍሬ ከረጢትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ቦታ በሁለት ጣት ቀለል አድርገው ይንኩ። ሲያጥብቁ ቦታው ጠንከር ብሎ ከጣትዎ ወደ ውስጥ መሸሽ አለበት። ወደ ጣትዎ እየተገፋ ከመጣ ግን ወዲያው ያቁሙ፤ እያማጡ ነው። ማማጥ የልምምዱ ተቃራኒ ነው፣ ጡንቻውን ወደ ታች እየገፋ ያደክመዋል። ከሁሉም ስህተት የከፋው ይሄኛው ነው፣ በተለይ አጥብቄ ልሥራ በሚሉ ሰዎች ላይ ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ እየሸኑ ሽንትን ማቋረጥን ልምምድ አያድርጉት። ጡንቻውን ለማወቅ አንድ ጊዜ መሞከር ይቻላል፣ እሱም ካቴተሩ ከወጣ ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ። በየጊዜው ካቋረጡ ግን ፊኛው ሙሉ በሙሉ መራገፍ ያቅተዋል፣ የቀረው ሽንት ደግሞ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

እዚህ ደረጃ ላይ ካልሆነልዎ

ትንፋሽ እየያዙ ከሆነ ድምፅ አውጥተው ይቁጠሩ። እየተናገሩ ትንፋሽ መያዝ አይቻልም።

መቀመጫዎ አብሮ ከጠበቀ ኃይሉን በግማሽ ይቀንሱ። ጡንቻው ትንሽ ነው፣ ብዙ ኃይል አይፈልግም። ፊትዎ እስኪቀላ ከታገሉ እየሠራ ያለው ሌላ ጡንቻ ነው።

ምንም የማይሰማዎት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ የተለመደ ነው። እብጠቱ ገና አልጠፋም፣ ነርቮቹም ገና አላገገሙም። ቀስ ብለው መሞከርዎን ይቀጥሉ፣ በጎንዎ ተኝተውም ይሞክሩት። ሁለት ሳምንት ሞክረው አሁንም ከሌለ በዳሌ ወለል ላይ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት ይፈልጉ። ጡንቻው መሥራቱን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ አላቸው፤ ባዮፊድባክ ይባላል። ለብቻ ሲሠሩት የሚጠፋውን ጡንቻ እያዩ ማግኘት ይቀላል።

ደረጃ 3፦ ተኝቶ መሥራት

የልምምዱ አይነት ሁለት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

1. ዘገምተኛው። ያጥብቁ፣ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ ከዚያ ይልቀቁና ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይረፉ። ይህ አንድ ነው። እስከ 10 ይድረሱ።
2. ፈጣኑ። ለ1 ሰከንድ ጠበቅ፣ ወዲያው ልቀቅ። ለ2 ሰከንድ ይረፉ። ይህንንም እስከ 10።

ሁለቱ ተደምረው አንድ ዙር ይባላሉ። በቀን 3 ዙር ይሥሩ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ አንድ፣ እኩለ ቀን ላይ አንድ፣ ማታ ሊተኙ ሲሉ አንድ። ሰዓት ካልወሰኑለት ይረሳል።

እስከ 10 ማለት የግድ 10 ማለት አይደለም። ስድስተኛው ላይ ጡንቻው ዝሎ ሆድዎ መርዳት ከጀመረ እዚያው ያቁሙ። ስድስት ጥሩ ከአሥር ቆሻሻ ይበልጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ሰባት ይሆናል። የመያዣውንም ጊዜ እንዲሁ ቀስ በቀስ፣ በሳምንት አንድ ሰከንድ እየጨመሩ እስከ 10 ሰከንድ ያድርሱት።

ስለ መልቀቅ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ማጥበቁን ሥራ፣ መልቀቁን እረፍት ያደርገዋል። መልቀቅም ሥራ ነው። ያልለቀቀ ጡንቻ በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠብቅበት ቦታ የለውም፣ ሁልጊዜ ግማሽ ተጨብጦ እንደቆየ ቡጢ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ጠብቆ ስለሚውል ይደክማል፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ደግሞ ኃይል ያጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በኋላ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ወስደው ጡንቻው እስኪወርድ ይጠብቁ። ካልወረደ ቀጣዩን አይጀምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ አይጨምሩበት። "ብዙ ከሠራሁ ቶሎ ይሻለኛል" ብሎ በቀን መቶ ሁለት መቶ የሚሠራ ሰው አለ። የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ጡንቻው ዝሎ ከሰዓት በኋላ ሽንቱ የባሰ ያመልጣል። አንድ ቀን ከዘለሉም በነጋታው እጥፍ አይሥሩ፣ ካቆሙበት ይቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ እየተራመዱ

ተኝተው 10 ጊዜ ለ5 ሰከንድ መያዝ ከቻሉ፣ ሆድም ካልረዳዎት፣ አልጋውን መልቀቂያው ጊዜ ደርሷል። ሽንት የሚያመልጥዎ ቆመው ስለሆነ ጡንቻውም ቆሞ መሥራት አለበት።

1. ለአንድ ሳምንት ያህል አንዱን ዙር ተኝተው፣ አንዱን ተቀምጠው፣ አንዱን ቆመው ይሥሩ።
2. ሲቀመጡ ጠንከር ያለ ወንበር ይምረጡ። እግር መሬት ይርገጥ፣ ጀርባ ቀጥ ይበል። ሲያጥብቁ የተቀመጡበት ቦታ ከወንበሩ ወደ ውስጥ ከፍ ሲል ይሰማዎታል።
3. ሲቆሙ እግርዎን በዳሌዎ ስፋት ይክፈቱ። ጉልበትዎን አያደርቁት።
4. ቆመው መያዝ የሚችሉት ጊዜ ከተኙበት ያንሳል። ወደ 3 ሰከንድ ይመለሱና እንደገና ይገንቡት። ይህ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም፣ የስበት ኃይል ስለተጨመረ ነው።
5. ቆመው ከተመቸዎት በኋላ እየተራመዱ ይሞክሩ። በሙሉ ኃይል ሳይሆን በግማሽ ኃይል ለጥቂት እርምጃ ያጥብቁ፣ ለጥቂት እርምጃ ይልቀቁ።

ቀኑን ሙሉ አጥብቆ መሄድ አይሠራም። ያን ያህል ጊዜ የሚይዝ ጡንቻ የለም፣ ይዝላል።

ደረጃ 5፦ ቀድሞ ማጥበቅ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህን ይውሰዱ። ጡንቻው ጠንካራ ሆኖ በሰዓቱ ካልጠበቀ ሽንቱ ያመልጣል። በሳል ጊዜ ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት በቅጽበት ይጨምርና ፊኛውን ይጫነዋል፤ መዝጊያው ከዚያ በፊት ተዘግቶ መገኘት አለበት፣ አብሮ ወይም በኋላ ሳይሆን።

ከመነሳት ይጀምሩ፦

1. ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጡ።
2. ያጥብቁ።
3. እንደያዙ፣ ትንፋሽ እያወጡ ይነሱ።
4. ቀጥ ብለው ከቆሙ በኋላ አንድ ሰከንድ ይቆዩ።
5. ይልቀቁ።

በቀን 10 ጊዜ ይሥሩት፣ በተጨማሪም በእውነት በሚነሱ ጊዜ ሁሉ። መጀመሪያ እያሰቡ ነው፣ ውሎ አድሮ ግን ሳያስቡት መምጣት ይጀምራል። ያ ነው የሚፈለገው።

መነሳቱ ሲያዝ ሳሉን ያክሉ። ፊኛዎ ባዶ ሲሆን ያጥብቁ፣ ቀለል ያለች ሳል ይሳሉ፣ ይልቀቁ። ደረቅ ከሆነ በሌላ ቀን ጠንከር አድርገው፣ ከዚያ ፊኛው ግማሽ ሲሞላ ይሞክሩት። በተመሳሳይ መንገድ ማስነጠስን፣ ጎንበስ ማለትን፣ ደረጃ መውጣትን፣ ከመኪና መውረድን፣ ዕቃ ማንሳትን አንድ በአንድ ያስገቡ። ደብተርዎ ላይ በብዛት የተጻፈው የትኛው ነው? ከእሱ ይጀምሩ።

አጥብቀውም ካመለጠዎት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ዘግይቼ ነበር? ፊኛዬ በጣም ሞልቶ ነበር? ወይስ ቀኑ መሽቶ ጡንቻው ዝሎ ነበር? ብዙውን ጊዜ መልሱ የመጀመሪያው ነው። ግማሽ ሰከንድ ያስቀድሙት።

ደረጃ 6፦ ሽንት ሲያጣድፍዎ

አይሩጡ። ሩጫ ሆድን ይጫናል፣ ጭንቀት ይጨምራል፣ መንገድ ላይ ያመልጥዎታል።

1. ባሉበት ይቁሙ፣ ከተቻለ ይቀመጡ።
2. 5 ወይም 6 ጊዜ ፈጠን ፈጠን እያሉ ያጥብቁ፣ ይልቀቁ። ይህ ፊኛው እንዲረጋ ምልክት ይሰጠዋል።
3. ረጋ ብለው ይተንፍሱ። ሌላ ነገር ያስቡ፣ ከ100 ወደ ኋላ ይቁጠሩ።
4. ጥድፊያው ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይበርዳል። እስኪበርድ ይጠብቁ።
5. አሁን በእርጋታ ወደ ሽንት ቤት ይሂዱ።

ቁልፍ በር ላይ ሲያስገቡ ወይም የውሃ ድምፅ ሲሰሙ የሚያጣድፍዎ ከሆነ፣ ቁልፉን ከማውጣትዎ በፊት ያጥብቁ።

ካቴተሩ እንደወጣ ባሉት ቀናት በየ2 ሰዓቱ መሽናት ምንም አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን "ለማንኛውም ልሽና" እያሉ በየሰዓቱ መሄድ ፊኛውን ትንሽ ሽንት ብቻ እንዲይዝ ያስለምደዋል። ክፍተቱን በየጥቂት ቀኑ በ15 ደቂቃ ያራዝሙት። ቀን ቀን ከ3 እስከ 4 ሰዓት መቆየት ከቻሉ በቂ ነው። እያመመዎት ግን አይያዙ።

ደረጃ 7፦ ሸንተው ከጨረሱ በኋላ የምትንጠባጠበው

ጨርሰው ሱሪ ከታጠቁ በኋላ የምትወርደው ሽንት ከፊኛ አይደለም የምትመጣው፣ ቧንቧው ውስጥ የቀረች ናት። ጨርሰው ትንሽ ይቆዩ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ያጥብቁ። ከዚያ ከዘር ፍሬ ከረጢት ኋላ ጣትዎን አድርገው ቀለል ባለ ግፊት ወደ ፊት፣ ወደ ብልት ሥር ይግፉት። ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል።

መጠጥ፣ ሆድ ድርቀት፣ ቆዳ

ውሃ አይቀንሱ። ሽንት እንዳያመልጥ ብሎ ውሃ መተው ሽንቱን ያጠነክረዋል፣ የጠነከረ ሽንት ደግሞ ፊኛውን ያስቆጣል፣ ጥድፊያውም ይብሳል። ልብና ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆኑ፣ ሐኪምም ካልከለከለዎ፣ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ፈሳሽ ይጠጡ። ከመኝታ በፊት ባሉት 2 ወይም 3 ሰዓታት ግን ይቀንሱ። ቡና፣ ሻይ፣ ለስላሳና አልኮል ፊኛን ስለሚያነቃቁ ለሁለት ሳምንት ቀንሰው ልዩነቱን በደብተሩ ይዩ።

ሆድ ድርቀት ደግሞ የልምምዱ ጠላት ነው። ሽንት ቤት ተቀምጦ ማማጥ ሳምንት ሙሉ የገነቡትን ይንደዋል። አትክልትና ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህል ይብሉ። ሲቀመጡ እግርዎን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ያድርጉ፣ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፣ ትንፋሽ አይያዙ። ካልሆነ ማለስለሻ መድኃኒት እንዲያዝልዎ ሐኪም ይጠይቁ።

ፓድ ሲረጥብ ቶሎ ይቀይሩ። ቆዳውን በለብታ ውሃ አጥበው፣ ሳይፈትጉ አድርቀው፣ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለበት ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ጠዋት ደረቅ፣ ማታ እርጥብ። ጡንቻው ስለዛለ ነው፣ በጣም የተለመደ ነው። ከሰዓት በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ጋደም ይበሉ። ቆመው የሚሠሩትን ዙር ወደ ጠዋት ያምጡት፣ የማታውን ተኝተው ይሥሩ።

ተሽሎኝ ነበር፣ ተመለሰብኝ። መጀመሪያ ምክንያት ይፈልጉ። ጉንፋን ይዞዎታል? ሆድ ደርቋል? ከባድ ዕቃ አነሱ? ለጥቂት ቀን ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለሱ። ሲሸኑ የሚያቃጥልዎ ወይም ሽንቱ ደፍርሶ የሚሸት ከሆነ ግን ሽንት ይመርመሩ፣ ኢንፌክሽን እያለ ልምምድ ብቻውን አይበቃም።

ከዘር ፍሬ ኋላ ወይም ወገብ ላይ ሕመም። አብዝተዋል፣ ወይም አልለቀቁም። ሁለት ቀን ያቁሙ፣ ከዚያ በግማሽ ኃይልና በረጅም እረፍት ይጀምሩ። ሕመሙ ካልለቀቀ በራስዎ አይቀጥሉ። ጡንቻቸው ከመጠን በላይ የጠበቀባቸው ሰዎች አሉ፣ ለእነሱ የሚያስፈልገው ማላላት ነው።

የፓዱ ክብደት ለአንድ ወር ምንም አልቀነሰም። ቁጥር አይጨምሩ። ወደ ደረጃ 2 ተመልሰው በመስታወትና በጣት እንደገና ይፈትሹ።

"ብልት ላይ የሚታሰር መቆንጠጫ ልጠቀም?" ያለ ሐኪም ምክር አይጠቀሙ። የደም ዝውውርን ሊዘጋና ቆዳ ሊያቆስል ይችላል። ቢፈቀድልዎም በየጊዜው መፈታት አለበት፣ አድርገውትም አይተኙ።

ልምምዱን ትተው ሐኪም ጋ የሚሄዱባቸው

- ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ሆድዎ ከታች ከተወጠረና ካመመ፦ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል
- ባትዎ ካበጠና ካመመ፣ ደረትዎን ከወጋዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት፦ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል
- ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ወይም ብርድ ብርድ ማለት
- በጣም የቀላ ሽንት ወይም የደም ጓል
- የሽንቱ አወራረድ ከቀን ወደ ቀን እየቀጠነ ከመጣ፣ ወይም እያማጡ የሚሸኑ ከሆነ፤ ጠባሳ መንገዱን እያጠበበው ሊሆን ይችላል፣ ይህን ደግሞ ልምምድ አይፈታውም

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ጡንቻ በሳምንት አይገነባም። በትክክል ሲሠራ ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ትልቅ ለውጥ ያያል፣ መሻሻሉ እስከ 12 ወር ሊቀጥል ይችላል። ዕድሜ፣ ክብደት፣ በቀዶ ጥገናው የተነኩ ነርቮች፣ የጨረር ሕክምና፣ እነዚህ ሁሉ ጊዜውን ያራዝሙታል ወይም ያሳጥሩታል። ከእርስዎ ጋር አንድ ሰሞን የተሠራለት ሰው ቀድሞ ቢደርቅ አይለኩበት።

አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚደርቀው ሌሊቱ ነው። ቀጥሎ መቀመጥና ጠዋት። ከዚያ መቆምና መራመድ። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ከሰዓት በኋላ፣ ሳልና ዕቃ ማንሳት ናቸው። "ሌሊት ደረቅ ነኝ፣ ቀን ግን አይረባም" የሚል ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ትክክለኛው መንገድ ላይ ነው።

ሲደርቁ በቀን አንድ ዙር ይቀጥሉ፣ ደረጃ 5ን ግን አይተዉት።

በቂ ለውጥ ካልመጣ

3 ወር በትክክል ሠርተው ለውጥ ከሌለ የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒስት ይዩ። ጥድፊያው ዋናው ችግር ከሆነ የሚያረጋ መድኃኒት እንዳለ ሐኪሙን ይጠይቁ። ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መሻሻሉ ቆሞ ሽንቱ አሁንም ኑሮዎን የሚያውክ ከሆነ የቀዶ ጥገና አማራጮች አሉ። በጥቂቱ ወይም በመካከለኛ ደረጃ ለሚያመልጣቸው የሽንት ቧንቧውን ከሥር የሚደግፍ ማሰሪያ ይገባል። በብዛት ለሚያመልጣቸው ደግሞ በእጅ የሚቆጣጠሩት ሰው ሠራሽ መዝጊያ አለ። አፍረው ዝም አይበሉ፣ ሐኪሙ ካልተነገረው ፓድ ለብሰው እንደመጡ አያውቅም።

ቀጠሮ ሲሄዱ የ3 ቀን ማስታወሻዎን፣ የሳምንታዊውን የፓድ ክብደት፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዘው ይሂዱ። በየትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያመልጥዎ፣ ልምምዱንም በቀን ስንት ዙር፣ ስንት ሰከንድ እየያዙ፣ ቆመው ይሁን ተኝተው እንደሚሠሩ ይንገሩት።